ባሻረት ጣቱን ያነሳ ዕለት

ከመስጊዱ በታች፣ መንገዱ ወደ ቦዩ ከመታጠፉ በፊት የባሻረት ታንዱር፣ የዳቦ ምድጃው፣ አለ። የኮት ፈቂራ መንደር ሰው ጠዋትም ማታም ዳቦውን፣ ናን የሚሉትን፣ የሚገዛው ከሱ ነው፣ የላይኛው ሰፈርም የቦዩ ሰፈርም። ባሻረት ከምድጃው አፍ ዳር እግሩን አጥፎ ይቀመጥና ሊጡን በመዳፉ ጠፍጠፍ ጠፍጠፍ አድርጎ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፣ ሲበስል በሁለት ረጃጅም ብረት ላጥ አድርጎ ያወጣዋል። የክንዱ ፀጉር በቅሎ አያውቅም፣ እሳቱ መች ጊዜ ሰጥቶት። አጠገቡ ዱቄት የጠጣ ሬዲዮ አለ። ክሪኬት ያለ ቀን ሬዲዮው እየጮኸ፣ ሰልፉ እየጮኸ፣ ባሻረትም እየጮኸ ነው ዳቦ የሚወጣው። አንዳንዱ አርሮ ይወጣል፣ ግን ያን ቀን ማንም አይቆጣም።

ይሄ ሰውዬ ልጅ እያለ ክሪኬት አይችልም ነበር። እውነቴን ነው፣ ምንም አይችልም። ሲመታ ይስታል፣ ሲወረውር ኳሱ ሰው ቤት ይገባል። መሮጥ ግን! መሮጥ ላይ ማንም አይደርስበትም። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ መቼ መሮጥ እንዳለበት አያውቅም። ጓደኛው ኳሱን ገና ሳይመታ እሱ ሜዳው መሃል ተገኝቷል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚወጣው በአንድ መንገድ ነው፣ በራን አውት። ስሙም እሱው ሆነ፣ "ባሻረት ራን አውት"። እናቱ ሳትቀር ወተት ሲደፋ በዚሁ ስም ነበር የምትጠራው።

ራን አውት ሲሰሙት ቀላል ነገር ነው። በሜዳው ወዲህ ጫፍ ሦስት ችካል፣ ወዲያ ጫፍ ሦስት ችካል ተተክሏል። ከየችካሉ ፊት መስመር አለ። ሁለት መቺዎች ዱላቸውን ይዘው ከጫፍ ጫፍ ይሮጣሉ፣ በተሻገሩ ቁጥር ነጥብ ነው። እነሱ ሳይደርሱ ተጋጣሚ በኳሱ ችካሉን ካፈረሰው ያልደረሰው ሰውዬ ወጣ፣ ሄዶ ጥላ ስር ይቀመጣል። ይኸው ነው። ግን "መድረስ" ማለት ምንድነው? "ማፍረስ"ስ? ባሻረት ይህን ሁሉ የተማረው እየወጣ ነው።

መጀመሪያ መስመሩን ረግጦ ቆመና "ደርሻለሁ" አለ። "መስመሩ የኛ ነው፣ ያንተ ከመስመሩ ወዲያ ነው" ብለው አባረሩት። ሌላ ቀን ዱላውን ዘርግቶ እየዘለለ ገባ፣ ዱላው መስመሩን አልፏል፣ ግን አየር ላይ ነው። "መሬት ሳይነካ ምን ያደርግልሃል!" ብለው አባረሩት። ሌላ ቀን ደግሞ ጓደኛው በቀጥታ የመታው ኳስ የወርዋሪውን ጣት ጨረፍ አድርጎ ባሻረት ያለበትን ችካል መታ። ባሻረት አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ነበር። ማንም ምንም ሳይወረውርበት ወጣ! ያን ቀን አልቅሷል ይባላል። እሱ ላብ ነበር ይላል።

አንዲት ነገር ግን ሳይማራት ቀረ። ቢፈልግም የሚማርበት አልነበረውም። የኮት ፈቂራ ልጆች ችካል ከየት ያመጣሉ? ጡብ ነው የሚደረድሩት፣ ወይ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ወይ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመረ መስመር። የደንበኛው ችካል አናት ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ሁለት ቁራጭ እንጨቶች ይጋደማሉ። ችካሉ ፈረሰ የሚባለው ቁራጮቹ ሲወድቁ ነው። ጡብ ላይ ምን ይወድቃል? ኳሱ ጡቡን ነካው፣ ወጣህ፣ አለቀ። ኮት ፈቂራ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ሕግ በጆሮው ሳይሆን በጣቱ ነው የሚያውቀው።

ጎረምሳ ሳለ ባሻረት ቦዩን በአንድ ዝላይ አልፋለሁ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ። መሮጡም በዚያው ቀረ። ክሪኬትን ግን መተው አልቻለም፣ እና ዳኛ ሆነ። በዚያ አገር ዳኛ ከውጭ አይመጣም፤ ተራው የመምታት የሆነው ቡድን ከራሱ ሰው መድቦ ያቆማል። አስቡት፣ ዳኛው የገዛ ጓደኛህ ነው! ታዲያ ሁሉም ለወገኑ ይፈርዳል፣ አይደብቀውም። መቺው አንድ ክንድ ቀርቶት እንኳ ዳኛው ሰማይ ሰማይ እያየ "አላየሁም" ይላል። ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ጥፊ፣ ከዚያ የማታ ሽምግልና።

ባሻረት ግን አንድ ቀን የራሱን ሰፈር አምበል፣ ያውም ኃይለኛውን ሰውዬ፣ ጣቱን አንስቶ "ወጥተሃል" አለው። አምበሉ ዱላውን ወርውሮ ሊመታው ነበር። የቦዩ ሰፈር ልጆች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "የላይኛው ሰፈር ሲመታ ባሻረት ካልቆመ አንጫወትም" አሉ። ነገሩ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ኑሮም ገባ። በቦዩ ውሃ እርሻቸውን በተራ ነው የሚያጠጡት፣ እና "ተራዬን ሰረቀኝ" የሚል ጠብ ሲነሳ "ባሻረት ይምጣ" ይባላል። ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ ይሄዳል፣ ከቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ የሁለቱንም ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ እነሱም ይቀበላሉ። መሬት የለውም፣ ወንድ ልጅ አልወለደም፣ ሀብቱ ታንዱሩ ነው። ይህችን ስም ግን ነበረችው። ሰው "እሱ እኮ ለእናቱም አያዳላም" ሲል ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፣ ያን ቀን ግን ዳቦው ሁሉ ትልልቅ ይሆናል።

አሁን ወደዚያች አርብ ልምጣ። አርብ የእረፍት ቀን በነበረበት ዘመን ነው፣ ስልክም በየኪሱ አልነበረም። የሁለቱ ሰፈሮች የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ጣፋጭ ሻጩ ሐጂ ከከተማ አዲስ ችካል አምጥቶ ሰጠ፣ ቀለም የተቀባ፣ አናቱ ላይ ቁራጮቹ ያሉት። ልጆቹ እየነኩ አዩት። ከሰላት በኋላ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞላ፣ የሸንኮራ ጭማቂ የሚጨምቀው ሰውዬ ማሽኑን ሳይቀር እየገፋ መጣ።

የቦዩ ሰፈር መጀመሪያ መታ። ከዚያ የላይኛው ሰፈር ተራ ሆነ፣ ባሻረትም ነጭ ኮቱን ለብሶ ቆመ። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ተናነቀ። ሦስት ነጥብ ሲቀራቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች ብቻ ቀሩ። አንደኛው ሙዳሰር ነው፣ የባሻረት እህት የኩልሱም ልጅ። አሁን አንድ ሰው ከወጣ ጨዋታው አለቀ፣ ዋንጫው የቦዩ ሰፈር ነው።

ሙዳሰር መታና ሮጠ። አንድ ተሻገረ። "ሁለተኛ! ሁለተኛ!" ብሎ ጮኸና ዞረ። ኳሱ ከሩቅ ተወረወረ። የቦዩ ሰፈር ችካል ጠባቂ፣ ቱፈይል የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ጎረምሳ፣ ጓንቱን ዘርግቶ ወደ ችካሉ ተንደረደረ፣ ኳሱን ቀለበ፣ ኳሱን በያዘ ጓንቱ ችካሉን ጓ አደረገው። የሙዳሰር ዱላ ገና አንድ ክንድ ይቀረው ነበር። ባሻረት በዚያ ወገን ከጎን ነበር የቆመው፣ ዓይኑ መስመሩ ላይ ተተክሎ።

ጣቱ ወዲያው ተነሳች። ሰው "ወጣ!" ብሎ ሳይጨርስ የሱ ጣት አየር ላይ ነበረች።

ያኔ የሆነውን ብታዩ! የቦዩ ሰፈር በሙሉ ሜዳ ገባ። አምበላቸው ሪያሳት፣ የትራክተር ሹፌሩ፣ መጀመሪያ ያቀፈው ወርዋሪውን አይደለም፣ ባሻረትን ነው።

"ይሄ ነው ሰው! የገዛ እህቱን ልጅ! ኑ እዩ እናንተ ሌቦች፣ ዳኛ ማለት ይሄ ነው!"

አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ባሻረት ከላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል፣ የተጣለውን ጫማ፣ የሚጨፍረውን፣ ራሱን ይዞ የሚሄደውን ሙዳሰርን። ደስ አለው፣ ምን ይዋሻል። ከዚያ ቱፈይልን አየው። ቱፈይል አይጨፍርም። ችካሉ ስር ቁጢጥ ብሎ አንዷን ቁራጭ በጣቱ ከመሬት ውስጥ ይቆፍራል። ተረግጣ አፈር ውስጥ ገብታለች፣ ላይዋ ላይ የጫማ ፈለግ አለ።

ያኔ ለባሻረት ድምፁ መጣለት። ዓይኑ መስመሩ ላይ ቢሆንም ጆሮው ችካሉ ጋ ነበር፣ እና ጆሮው ሦስት ድምፅ ነው የሰማው። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭ፣ ከዚያ ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ ጧ፣ ከዚያ የችካሉ ጓ። ቀጩ ከጧው በፊት! ቱፈይል ሲንደረደር በጉልበቱ ቁራጮቹን አውርዷቸዋል፣ ረግጧቸዋል፣ ኳሱን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። እና አንድ ክረምት ሬዲዮ ላይ ተንታኙ የተናገረው ነገር ትዝ አለው፤ ቁራጮቹ አስቀድመው ከወደቁ ችካሉን በኳስ መንካት ምንም አይደለም፣ ኳሱን በያዘ እጅ አንዱን ችካል ከመሬት መንቀል ያስፈልጋል። ያን ቀን ሰምቶ ሥቆ ነበር፣ "ማን ሞኝ ነው ችካል የሚነቅል" ብሎ። ጆሮው ያውቀው ነበር ማለት ነው። ጣቱ ግን ጡብ ላይ ነው ያደገችው፣ ችካሉ ጓ ሲል ተነሳች።

"አውርዱኝ" አለ።

"አናወርድም ቻቻ! ሠርግዎ ነው ዛሬ!" አሉ፤ ቻቻ አጎት ማለት ነው፣ ታላቅን ሰው ሁሉ እንዲያ ይሉታል።

"አውርዱኝ ነው የምላችሁ! አልወጣም!"

"ማን ነው ያልወጣው?"

"ሙዳሰር። አልወጣም፣ ይመለስ።"

እንዲያው ለቀቁት ማለት ይቻላል፣ በአንድ እግሩ ነው መሬት የደረሰው፣ ያውም በተሰበረው። ሪያሳት እየሳቀ ነበር፣ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ቻቻ፣ ቀለዱ አይደል?"

"አልቀለድኩም። ተሳስቼ ነው ጣቴን ያነሳሁት። ቁራጮቹ ኳሱ ሳይመጣ ወድቀዋል። ከወደቁ በኋላ መንካት አይሠራም። ኳሱን ይዞ ችካሉን መንቀል ነበረበት።"

"መንቀል? ችካል ነው ወይስ ካሮት?" ሰዉ ሳቀ። "ይሄ ሕግ መቼ ወጣ? አሁን ትከሻችን ላይ እያሉ ነው የወጣው?"

"የቆየ ነው። ሬዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ።"

"ሬዲዮ ላይ! ሬዲዮውም እህት አለው እንዴ ቻቻ?"

ያቺ ቃል ገባችበት። ወደ ቱፈይል ዞሮ "ልጄ፣ ቁራጮቹ መቼ ነው የወደቁት?" አለው።

ቱፈይል ጓንቱን አየ። አንዱን ጣት ሳብ አደረገ፣ መልሶ ለቀቀው። "አላየሁም ቻቻ። ኳሱን ነበር የማየው።"

"ሰሙ?" አለ ሪያሳት። "እሱ እንኳን አላየም። እርስዎ ከዚያ ርቀት አዩ?"

"አላየሁም። ሰማሁ።"

"ሰሙ!" ሪያሳት ወደ ሰዉ እጁን ዘረጋ። "ሰማሁ አሉ!"

ባሻረት በዚያች ሰዓት ዝም ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር ያምርለት ነበር። ጣቱ ተነስታለች፣ ሰው ሁሉ አይቷል፣ ስሙ ከመስጊዱ ሚናሬት በላይ ወጥቷል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሙዳሰር ግን አልወጣም፣ ምን ያድርግ? "ወይ ይመለሳል፣ ወይ ኮቴን አውልቄ እሄዳለሁ፣ ሌላ ታቆማላችሁ" አለ። ሌላ ማለት ደግሞ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ነው፣ ሪያሳት ያውቃል። ምራቁን ተፍቶ "በሉ፣ ፈርተው ሸሹ እንዳትሉን እንጫወታለን" አለ።

ሙዳሰር ጥርሱን እየገለጠ ተመለሰ። የሚቀጥለውን ኳስ አንስቶ መታው፣ ከሾላው ዛፍ በላይ አለፈና ቦዩ ውስጥ ገባ። ጨዋታው አለቀ። የላይኛው ሰፈር አሸነፈ።

ባሻረትን ያን ቀን ማንም አላነሳውም። የራሱ ሰፈር ሰዎች እያለፉ ዓይናቸውን ጠቀስ ነው የሚያደርጉት። አንዱ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ "በመጨረሻ ሰው ሆንክ!" አለው። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ሲገባው ታመመ።

ማታ ሙዳሰር ከእናቱ የተላከ ጣፋጭ ይዞ ታንዱሩ ጋ መጣ።

"ማሙ፣ አጎቴ፣ ጉደኛ ነህ እኮ! መጀመሪያ ጣትህን አንስተህ አሳመንካቸው፣ ከዚያ መለስከው! እኔ ራሴ የምሬን አዝኜ ነበር።"

"የምሬን ነው ያነሳሁት።"

"እሺ ማሙ፣ እሺ" አለና ሳቀ።

"አልወጣህም ነበር፣ ስማኝ፣ ቁራጮቹ..."

"ገባኝ፣ ገባኝ። ለማንም አልናገርም።"

ባሻረት ብረቱን ይዞ ቀረ። ጣፋጩን ሰልፍ ላይ ላለ ሰው ሁሉ አደለው፣ እሱ አልቀመሰም።

ከዚያ በኋላ የቦዩ ሰፈር ሰዎች ዳቦ መግዛት አልተዉም፣ የት ይሄዳሉ። ግን ዝም ብለው ይገዛሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በውሃ ተራ ተጣሉ። ባሻረት ሰማ፣ እጁን አራገፈ፣ ኮቱን እንኳ አነሳ። ማንም አልመጣም። ሌላ ሰው ጠርተው አስታረቁ። ኮቱን መልሶ ሰቀለው። ማታ ሚስቱ "ምነው ዛሬ ዳቦው ሳሳ?" ብትለው "ዱቄቱ ነው" አላት።

አንድ ምሽት፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ቱፈይል መጣ። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ተራው ሲደርስ "ስድስት ናን" አለ፣ ከዚያ አልሄደም። ከኋላው ልብስ ሰፊው ማስተር ሳዲቅ ብቻ ነው የቀረው፣ የባሻረት የልጅነት ጓደኛ፣ ጆሮው ቀጭን የሆነ ሰው።

"ቻቻ" አለ ቱፈይል። "ያ ሬዲዮው ያለው... እንዴት ነው የሚነቀለው? አንዱ ይበቃል ወይስ ሦስቱም?"

"አንዱ ይበቃል።"

"ኳሱ በአንድ እጅ፣ ችካሉ በሌላ እጅ ቢሆንስ?"

"አይሆንም። ኳሱን የያዘው እጅ ነው የሚነቅለው።" ባሻረት አንዱን ብረት ጠርዙ ላይ ያለው አመድ ክምር ውስጥ ሰካው፣ ከሊጡ ቆንጥሮ አድቦልቡሎ ሰጠው። "ያዝ፣ እንዲህ፣ በመዳፍህ አጥብቀው፣ በጣቶችህ ብረቱን። አሁን ሳብ።"

ቱፈይል ሳበ። ብረቱ ወጣ፣ ሊጡ እጁ ውስጥ ተጨፈለቀ። እንደገና ሰካና እንደገና ነቀለ። "ኳሱ ቢያመልጠኝስ?"

"ያኔ ምንም አላደረግክም። መቺው እየሳቀብህ ይገባል።"

ቱፈይል ብረቱን መለሰለት። ወደ ምድጃው ጎንበስ ብሎ፣ እሳቱን የሚያይ መስሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ "ጉልበቴ ነው" አለ።

ባሻረት ሰማ። ከኋላ ማስተር ሳዲቅ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ አንድ ቃል ነበር የሚቀረው። "ምን አልክ? አልሰማሁም፣ ጮክ በል" ቢለው ልጁ ይደግመዋል፣ ማስተር ሳዲቅ ይሰማል፣ ማስተር ሳዲቅ የሰማውን ነገር ደግሞ ሲነጋ ሁለቱም ሰፈር ያውቀዋል። አፉን ከፈተ። የልጁን ጆሮ አየ፣ ቀልቷል፣ ከእሳቱ ይሁን ከሌላ። ሪያሳት ይህን ቢሰማ ይህን ልጅ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል።

"ናኑ ይቀዘቅዝብሃል" አለው።

ቱፈይል ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብስክሌቱ ላይ ወጣ፣ ሳይዞር ሄደ።

"ምን አለህ?" አለ ማስተር ሳዲቅ ወዲያው።

"ስድስት ናን።"

"ከስድስቱ ናን በኋላ።"

"እሳቱ ይሞቃል አለኝ።"

ማስተር ሳዲቅ እንዳላመነው ያስታውቃል፣ ግን አልገፋውም። የሱን አራት ናን እየጠበቀ የደረቀ ሊጥ ከድንጋዩ ላይ በጥፍሩ ፋቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባሻረት፣ አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን። የልጅነት ጓደኛህ ነኝ፣ አትዋሸኝ። የኩልሱም ልጅ ያን ቀን ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም?"

"አልወጣም።"

"እሺ። የኩልሱም ልጅ ባይሆንስ ኖሮ? የማንም ልጅ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?"

ባሻረት ናኑን ከግድግዳው ላይ ላጥ አድርጎ አወጣው። ወደ ጨርቁ ሳይወረውረው ብረቱ ጫፍ ላይ እንደተሰቀለ ትንሽ ያዘው። ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም ነበር፣ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

"የማንም ልጅ ቢሆን ኖሮ" አለ፣ "መጀመሪያ ችካሉን አየው ነበር። ጣቴ የቸኮለችው የእህቴ ልጅ ስለሆነ ነው።"

ዳቦው ብረቱ ላይ መጨስ ጀመረ።